ወለምታ፣ ውልቃት ወይስ ስብራት? ቤት፣ ወጌሻ ወይስ ሆስፒታል?

ድሬ ላይ ሰው ሲወድቅ ሐኪም አይጠፋም። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር የተቀመጠው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ "ምንም አይደል አቦ፣ ወለምታ ነው፣ ይታሽ" ይላል። ሌላው "ኧረ ወልቋል፣ ሳብ አድርጉለት" ይላል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ የሚያውቀው ወጌሻ ጋ ይደውላል። የወደቀው ሰውዬ ግን ጫማውን እንኳ ገና አላወለቀም።

ሐረርም ያው ነው። ጀጎል ውስጥ ድንጋዩ በእግር ብዛት ልሟል። ዝናብ ጠብ ሲል ደግሞ ቁልቁለቱን በነጠላ ጫማ መውረድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። "ወጌሻ ወይስ ሐኪም?" የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "አጥንቱ ደህና ነው ወይ? ደሙስ እስከ ጣቱ ይደርሳል ወይ?" የሚለው ነው። ይሄ ሳይታወቅ ማንም እንዳያሽ፣ ማንም እንዳይስብ።

ሦስቱ በምን ይለያሉ?

አጥንትን ከአጥንት ጋር አያይዘው መገጣጠሚያውን የሚያጸኑት ጅማቶች ናቸው። ጅማቱ ከልክ በላይ ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ ወለምታ ነው። አጥንቱ ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ውልቃት ነው። አጥንቱ ራሱ ሲሰነጠቅ ወይም ለሁለት ሲሆን ስብራት ነው። ለወሬ ቀላል ነው። ችግሩ ሦስቱም ያማሉ፣ ሦስቱም ያብጣሉ። ሁለቱ አንድ ላይ የሚመጡበት ጊዜም አለ፤ ትከሻ ሲወልቅ አጥንት ሸርፎ ሊሄድ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚያምነው ድምፁን ነው። "ቋ ሲል ሰምቻለሁ፣ ተሰብሯል" ይላል። ጅማት ሲበጠስም ቋ ይላል። ድምፁ ምንም አይለይላችሁም። የእብጠቱ መጠንም ብዙ አይረዳም። ቀላል ወለምታ እግርን ጀሪካን ሊያሳክል ይችላል፣ የተሰነጠቀ አጥንት ደግሞ ትንሽ ብቻ አብጦ ሊቀር ይችላል።

ከድምፁ የሚሻለው ቅርጹ ነው። ሁለቱን እግር ወይም ሁለቱን እጅ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ወለም ያለው ያብጣል እንጂ አጥንቱ ቦታውን አይለቅም። እያመመም ቢሆን ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። በማግስቱ ይበልዛል፣ ብልዙም ወደ ታች ይወርድና ጣቶች አካባቢ ይታያል። ይሄ ያስደነግጣል እንጂ ደም ወደ ታች ስለሚወርድ ነው፣ አዲስ ጉዳት አይደለም።

የወለቀው ግን ተቆልፏል። ሰውየው እጁን ወይም እግሩን ባለበት ይዞት ይቀመጣል፣ ልታንቀሳቅሱለት ስትሞክሩ ይጮኻል። ትከሻ ከሆነ ክብነቱ ይጠፋና ጫፉ ማዕዘን ያወጣል፤ እጁም ከጎኑ ራቅ ብሎ ይቆማል። ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች በብዛት የሚወልቀው ትከሻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወልቀውም ወደ ፊት ነው። የጉልበት ሎሚ ሲወልቅ ደግሞ ሎሚው ወደ ውጪ ሄዶ በጎን ጎልቶ ይታያል።

ስብራት ሲሆን ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። በጣት ጫፍ አጥንቱን ብቻ ጫን ስትሉ ሰውየው ከወንበሩ ይነሳል። መርገጥም ያቅተዋል።

ለቁርጭምጭሚት አንድ ጥሩ መለኪያ አለ። ካናዳ ኦታዋ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ነው፤ ራጅ ማን ያስፈልገዋል፣ ማን አያስፈልገውም የሚለውን ለመለየት። ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። እናንተም ቤት ሆናችሁ መሞከር ትችላላችሁ። መጀመሪያ፣ ሰውየው በወደቀበት ሰዓትም አሁንም አራት እርምጃ መሄድ ይችላል? ማነከስ ይፈቀዳል፤ ሁለት በግራ ሁለት በቀኝ ከረገጠ በቂ ነው። ቀጥሎ የቁርጭምጭሚቱን ጉብታ አጥንቶች፣ የውስጡንም የውጪውንም፣ ከጫፋቸው ጀምሮ በኋላ ጠርዛቸው 6 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ ተጫኑ። ከዚያ በእግሩ የውጪ ጠርዝ መሃል ላይ ጎላ ብሎ የሚዳሰሰውን አጥንት፣ በውስጥ በኩልም ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለውን አጥንት ተጫኑ። አራት እርምጃ ካልሄደ፣ ወይም ከእነዚህ አጥንቶች አንዱ ሲነካ ካመመው ራጅ ይነሳ። ሁለቱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። መለኪያው ለጠጣ ሰው አይሠራም። በስኳር ምክንያት እግሩ ለደነዘዘ ሰውና ለትንንሽ ልጆችም አይታመንም።

ስለ ልጆች ትንሽ ልቆይ። የልጅ አጥንት ጫፉ አካባቢ ገና የሚያድግ ለስላሳ ክፍል አለው፣ እሱ ደግሞ ከጅማቱ ይደክማል። ስለዚህ ትልቅ ሰው ላይ ወለምታ የሚሆነው አወዳደቅ ልጅ ላይ ስብራት ሊሆን ይችላል። "ልጅ ነው፣ ይድናል" ብሎ መተው ጥሩ አይደለም። የማደጊያው ክፍል ከተጎዳና በትክክል ካልተያዘ እጁ ወይም እግሩ ጠሞ ሊያድግ ይችላል።

ሌላም አለ። እናት ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ባጃጅ እያለፈ የሁለት ዓመት ልጇን በእጁ ብድግ አድርጋ ትስበዋለች። ልጁ ያለቅሳል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ግን እጁን አያነሳም። ጎኑ ላይ አንጠልጥሎት ይቀመጣል፣ ብስኩት ስትሰጠው በሌላው እጁ ይቀበላል። እብጠት የለም፣ ብልዝ የለም። ይሄ ክርኑ ላይ ያለች ትንሽ ጅማት ስትንሸራተት የሚመጣ ነው፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተለመደ ነው። የሠለጠነ ባለሙያ በደቂቃ ውስጥ ይመልሰዋል፣ ልጁም ብዙም ሳይቆይ በዚያው እጁ መጫወት ይጀምራል። ልጁ የወደቀ ከሆነ ወይም ክርኑ ካበጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ራጅ ሳይነሳ ማንም አይነካካው።

አማራጭ አንድ፦ ቤት

ቅርጹ ካልተለወጠ፣ አራት እርምጃ ከተሄደ፣ አጥንቱ ሲነካ ካላመመ፣ ጣቶቹ ሙቀትና ስሜት ካላቸው ቤት መቆየት ትክክለኛ ምርጫ ነው። አብዛኛው ወለምታ እዚህ ውስጥ ይገባል። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የቤት ውስጥ ክርክሩ ብርድ ወይስ ሙቀት የሚለው ነው። እናቶቻችን ጨው ያለበት ትኩስ ውሃ ውስጥ ያስነክራሉ። ደስ ይላል፣ አልክድም። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሙቀት ደሙን ወደ እብጠቱ ይጠራል። በእነዚህ ቀናት የሚመረጠው ብርድ ነው። በረዶ የግድ ከሱፐርማርኬት አይመጣም። ፍሪዘር ውስጥ የቀዘቀዘ ሃይላንድ ውሃ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት። ከዚያ አንሱ፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ድገሙት። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉ፣ ያቃጥላል። በድሬ ሙቀት መብራት ከጠፋም የገንቦ ውሃ ውስጥ የተነከረ ጨርቅ ከምንም ይሻላል። ብርዱ ሕመም ያደነዝዛል እንጂ ጅማት አይቀጥልም፣ ስለዚህ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አትድከሙበት።

እግሩ ከልብ ከፍ ብሎ ትራስ ላይ ይቀመጥ። የላስቲክ ፋሻ ከጣቶቹ ጀምራችሁ ወደ ላይ ጠምጥሙ፣ ማታ ፍቱት። ቀለበት፣ አምባር፣ አልቦ ካለ እብጠቱ ሳይመጣ አውልቁ። ሐረር ላይ ያበጠ ጣት ላይ የወርቅ ቀለበት ስንት ጊዜ በመጋዝ እንደተቆረጠ ወርቅ ሠሪዎቹን ጠይቁ።

ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ይሠራሉ፣ ግን ጨጓራና ኩላሊት ለሚያመው ሰው፣ ለነፍሰ ጡርም ሳይጠየቅ አይሰጡም። "አንድ መርፌ ውጉኝና ልሂድ" የሚለው ልማድ ደግሞ ሕመሙን ደብቆ በተሰበረ እግር ያስኬዳል።

ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሦስት ሳምንት ተኝቶ የሚያሳልፍ ሰው አለ። ቀላል ወለምታ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ከፊል የተበጠሰ ጅማት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ደግሞ ወራት። በዚህ ሁሉ ጊዜ መተኛት አይደለም የሚባለው። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አልጋ ላይ ሆናችሁ በእግር አውራ ጣት አየር ላይ ሀ ሁ ሂ ጻፉ። እስከ ሆ ድረስ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ። ሕመሙ ሲቀንስ ግድግዳ ይዛችሁ በአንድ እግር ቁሙ፣ ቀጥሎ ሳትይዙ። ይህን ያልሠራ ሰው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት በዚያው እግር እንደገና ወለም ይለዋል። "እግሬ ልማዱ ነው" የሚሉት አብዛኞቹ ያላሠሩት እግር ነው ያላቸው።

በአምስት ቀን ውስጥ መሻሻል ከሌለ ወይም ከሳምንት በኋላም መርገጥ ካቃተ ቤት መቆየቱ በቃ።

አማራጭ ሁለት፦ ወጌሻ

ወጌሻን አጣጥዬ ልለፍ ብል ውሸታም እሆናለሁ። ቅርብ ነው፣ ማታም ይመጣል፣ ሰልፍ የለውም፣ በሰው ቋንቋ ያናግራል፣ ዋጋውም ይታወቃል። አንዳንዶቹ አዋቂዎች ናቸው፤ ነገሩ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን "ይሄን ሐኪም ይየው" ብለው ይመልሳሉ። እንዲህ የሚል ወጌሻ ካያችሁ ስልኩን ያዙ።

ግን ወጌሻው በእጁ የማያየው አለ። ራጅ የለውም። ከወለቀው አጥንት አጠገብ የተሸረፈ ስብራት እንዳለ፣ ነርቭ እንደተጫነ፣ የደም ስር እንደተቆለመመ በመዳሰስ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ያለ ማደንዘዣ መሳብ ደግሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ጡንቻው በሕመም ስለሚወጠር አጥንቱን አልለቅም ይላል፣ ሳቢውም ጉልበት ይጨምራል።

ሁለት ነገር በተለይ እፈራለሁ። አንደኛው ክርን ነው። ክርን ከወለቀ ወይም ከተሰበረ በኋላ በኃይል ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል። ክርኑ ከዚያ አይታጠፍም፣ አይዘረጋም፣ ሰውየው ጉርሻ ለመጉረስ አንገቱን ወደ እጁ ይሰዳል። ክርንን በማሸት አትሞክሩት፤ ነገሬ አጭር ነው።

ሁለተኛው ጥብቅ እሰር ነው። ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ ተደርድሮ በጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር ከውስጥ ያለው እብጠት መውጫ ያጣል። ደም አይገባም። ጡንቻ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ መሞት ይጀምራል። ለዚህ ነው ታስረው ውለው አድረው እጃቸው ጠቁሮ ሆስፒታል የሚደርሱ ልጆች የሚገጥሙት፣ ያኔ ቀሪው ምርጫ መቁረጥ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ይብሳል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይገረጣሉ ወይም ይጠቁራሉ፤ ጣቱን ቀና ስታደርጉለት ይጮኻል። "ሲታሰር ያማል፣ ቻለው" ብሎ ማሳደር የለም። ወዲያው ፍቱና ወደ ሆስፒታል። ማን እንዳሰረው አይደለም ጉዳዩ። በሆስፒታል የተደረገ ጀሶም እንዲህ ካደረገ ሌሊትም ቢሆን ተመለሱ።

ስለዚህ ወጌሻ የት ይገባል? ስብራትና ውልቃት እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት አልፈው፣ ለስላሳ እጅ ያለው ሰው ጡንቻውን ቢያፍታታ አልቃወምም። ቅቤ ቢጨምርበትም የራሱ ጉዳይ ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ

ይህ አማራጭ የሚሆነው ለመሃለኛው ነው። ቅርጹ አልተለወጠም፣ ጣቶቹ ደህና ናቸው፣ ግን አጥንቱ ሲነካ ያማል ወይም መርገጥ አልቻለም። በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ሳይሆን በዚያው ቀን መታየት ጥሩ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ራጅ አላችሁ?" ሁሉም ጤና ጣቢያ የለውም። ከሌለው ሁለት ጊዜ ባጃጅ ትከፍላላችሁ፣ ሁለት ጊዜም ትነገጫገጫላችሁ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ግን አስቸኳይ ካልሆነ በጤና ጣቢያ ሪፈር በኩል መሄድ ይኖርባችኋል፣ ደብተሩን አትርሱ።

አማራጭ አራት፦ ሆስፒታል፣ አሁኑኑ

እዚህ ላይ ማመዛዘን የለም። ቅርጹ ከተለወጠ፣ መገጣጠሚያው ከተቆለፈ፣ ከጉዳቱ በታች ያለው ክፍል ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከገረጣ፣ በመገጣጠሚያው ላይ ቁስል ካለ፣ ሰውየው በመኪና ወይም በባጃጅ አደጋ ከተጎዳ፣ አዛውንት ወድቀው እግራቸው አጥሮና ወደ ውጪ ዞሮ ከታየ ድንገተኛ ክፍል ነው መድረስ። ድሬ ላይ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ወይም ጀጎል ሆስፒታል አሉ። ሕይወት ፋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ስለሆነ ከምሥራቁ አካባቢ ብዙ ሪፈር የሚላከው ወደዚያ ነው። በድሬና በሐረር መካከል 55 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፣ ያውም በደንገጎ ጠመዝማዛ። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርባችሁ ያለው ይይ፣ ደሙንና ነርቩን ይመርምር፣ ከዚያ ይላካችሁ።

ለምን ይቸኮላል? የዳሌ መገጣጠሚያ ሲወልቅ ለአጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሰው መንገድ ይታፈናል፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰ አጥንቱ የመሞት አደጋው ይጨምራል። ሎሚው ሳይሆን ጉልበት ራሱ ሲወልቅ ከኋላው የሚያልፈው ትልቁ የደም ስር ሊቀደድ ይችላል፣ እግሩም በሰዓታት ይጠፋል። ይሄኛው አንዳንዴ ራሱ ተመልሶ ደህና ይመስላል፣ አትታለሉ። ትከሻ ያን ያህል አያጣድፍም፣ ግን በቆየ ቁጥር ጡንቻው ይጠብቃል። ሦስት ሳምንት ካለፈው ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና አይመለስም። ከሰዓት በኋላ ጫቱ ተዘርግቶ "ነገ አያለሁ" የሚሉት ትከሻ እንዲህ ነው ሳምንት የሚሞላው።

በመንገድ ላይ ምን ታደርጋላችሁ? ባገኛችሁት ቅርጽ እንዳለ ደግፉት። እጅ ከሆነ ነጠላ አጥፋችሁ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉለት፣ ካልታጠፈለት አታጥፉት፤ ከስሩ ትራስ አድርጉ። የጥፍሩን ጫፍ ተጫኑና ልቀቁ፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ መመለስ አለበት። ቁስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰደ አስታውሱ። ምግብና መጠጥ አትስጡት። ስኳር ውሃ ይዞ የሚሮጥ ጎረቤት አይጠፋም፣ አመስግናችሁ መልሱት። ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ሆድ ባዶ ሲሆን ይሻላል።

ከተመለሰም በኋላ ራጅ ድጋሚ ይነሳል። ካልተነሳ እናንተ ጠይቁ። ትከሻው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በመያዣ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ማንጠልጠል ያደርቀዋል፣ በተለይ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው። በ20ዎቹ ያለ ወጣት ግን ችግሩ ሌላ ነው፣ ትከሻው እንደገና የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ከወለቀ ከአጥንት ሐኪም ጋር ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይገባል።

ሳይወድቁ ካመመስ?

ይሄ የድሬ ጉዳይ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማውን አዳርሰውት ነበር። ቺኩንጉንያ ቁርጭምጭሚትንና የእጅ አንጓን እያሳመመ ሰውን እንደ ሽማግሌ ያስጎነብሳል። ትኩሳት ካለና መውደቅ ከሌለ ወለምታ አይደለም፣ አትታሹ። ዴንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅም ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና አስፕሪን አትውሰዱ፣ የደም መፍሰስ ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ብቻ። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ሞቆ፣ ቀልቶና አብጦ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ደግሞ ውስጡ መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይታያል።